ለውሃ፣ ለውርጭና ለነፋስ መንገድ መስጠት፦ በደሴ ጠባብ ግቢ ውስጥ የአትክልት ቦታ መንደፍ

ደሴ ውስጥ ግቢ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ጫፏ ከሌላው በአንድ ሜትር ያህል ዝቅ የምትል ቁራሽ መሬት ናት። የእኛዋ 8 ሜትር በ6 ሜትር ስትሆን ያለችው በጦሳ ተራራ ግርጌ ነው። ከላይዋ የጎረቤት ግንብ አለ፤ ከታችዋ ደግሞ የሌላው ጎረቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ከእኛ መሬት እኩል ሆኖ ይታያል።

እንዲህ ያለ ግቢ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ገበያ ወርዶ ችግኝ መግዛት ነው። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ሐምሌ ላይ ጎርፉ ግማሹን ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። የተረፈውን የኅዳር ውርጭ አጠቆረው። በየካቲት ነፋሱ ሲጀምር ግቢው ውስጥ ቆሞ የቀረው ጤና አዳም ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ግቢ እንደገና ከመሠረቱ ሠርቻለሁ፤ ኮምቦልቻ የምትኖረውን የእህቴንም አግዤ ሠርተናል። በሁለቱም የተከተልነው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበት፣ ቀጥሎ ብርዱና ነፋሱ የሚያልፉበት፣ ከዚያ ሰው የሚቀመጥበት፤ ተክል በመጨረሻ። ሦስቱን ተላላፊዎች፣ ማለትም ውሃን፣ ቀዝቃዛ አየርንና ነፋስን፣ ማስቆም አይቻልም። ፍጥነታቸውን ቀንሶ መውጫቸውን ማሳየት ግን ይቻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

መለካትና መመልከት

የ5 ሜትር ሜትር፣ ሲባጎ፣ አሥር ያህል ችካልና አንድ የሒሳብ ደብተር ይበቃል። በደብተሩ አንዱን ካሬ ግማሽ ሜትር አድርጋችሁ የግቢውን ዙሪያ ሳሉ። የእኛ ግቢ 16 ካሬ በ12 ካሬ ሆኖ በአንድ ገጽ ላይ ገብቷል። በሮችን፣ መስኮቶችን፣ ቧንቧውን፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ፣ የአሸንዳውን አፍ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ሁሉ አስገቡ። የልብስ ማስጫ ተረስቶ የተሠራ ግቢ ውስጥ ከሁለት ወር በኋላ እርጥብ ብርድ ልብስ ጽጌረዳው ላይ ተሰጥቶ ታገኛላችሁ።

ተዳፋቱን ለመለካት ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቀጭን ግልጽ ጎማ ተዋሱ። ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ችካል ላይ ያዙት። ጎማው ውስጥ አየር እስካልቀረ ድረስ በሁለቱ ጫፎች ያለው ውሃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። በየችካሉ ከውሃው እስከ መሬቱ ያለውን ለክታችሁ ልዩነቱን ስታወጡ መሬቱ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። በዓይን ግምት አትመኑ፤ የእኔ ዓይን 50 ሳንቲ ሜትር ያለው መሬት ሲለካ 95 ሆኖ ተገኝቷል።

ቀጥሎ ፀሐይ። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 17 አካባቢ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባለው ጊዜ በቀትር ወደ ሰሜን ዘንበል ስትል በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ 12 አካባቢ በቀትር ሰዓት የ2 ሜትር አጥር ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ40 ያህል ጥላ ይጥላል። በሰኔ ግን ያው አጥር ወደ ደቡብ የሚጥለው ጥላ ከግማሽ ሜትር ያንሳል። ይህን የምጽፈው ለዕውቀት ያህል ብቻ አይደለም። በስተደቡብ ያለው አጥራችሁ ሥር የተከላችሁት ጎመን ክረምቱን ደህና ሆኖ ከርሞ ልክ ብርዱ ሲመጣ ፀሐይ ያጣል ማለት ነው። በግቢው ሰሜናዊ ጫፍ ያለው፣ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ግድግዳ ግን በብርዱ ወራት ቀኑን ሙሉ ይሞቃል፤ የቀን ሙቀቱንም ማታ ይመልሳል። በደሴ ከዚያ ግድግዳ የሚበልጥ ውድ ቦታ በግቢያችሁ የለም። በንድፋችሁ ላይ በቀይ ቀለም ክበቡት።

ከጦሳ ሥር የምንኖር ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ከተራራው ጀርባ እንደምትገባ አስቡ። ከሰዓት በኋላ በየሰዓቱ ወጥታችሁ የጥላውን ጠርዝ በችካል ምልክት አድርጉ። አንድ ቀን በኅዳር፣ አንድ ቀን በሰኔ ማድረግ ይበቃል።

ለውሃው መንገድ

ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡ። ንድፍ የሚጀመረው እዚያ ነው። ውሃው ከየት ገባ፣ የት ተጠራቀመ፣ የት ወጣ? ከላይ ጎረቤት የሚመጣ ካለ ግቢው መሃል እስኪደርስ አትጠብቁት። ከላይኛው አጥር ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ቆፍራችሁ በጎን በኩል አዙሩት። የቦዩ ወለል በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ካዘቀዘቀ ውሃው መሬቱን መቆፈር ይጀምራል፤ እንዲህ ባለ ቦታ ወለሉን ድንጋይ አንጥፉበት። መውጫው ወደ መንገድ ዳር ቦይ እንጂ ወደ ታችኛው ጎረቤት ግድግዳ አይሁን። በዚህ ጉዳይ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ታችኛውን ጎረቤት ቡና ጠርታችሁ ተነጋገሩ።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በተዳፋት ግቢ ውስጥ ጎርፉን ለማስረግ ብላችሁ ጥልቅ ጉድጓድ አትቆፍሩ። ሜዳ ላይ ጥሩ የሆነው ዘዴ ደሴ ላይ አደጋ ነው። የከተማችን መሬት የመንሸራተት ጠባይ እንዳለው ሁላችንም እናውቃለን፤ ተዳፋት አፈር ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም አፈሩ ይከብዳል፣ ይላላል፣ ይሄዳል። መሬቱ ላይ ከዳገቱ በአግድም የተዘረጋ ስንጥቅ፣ ያለ ምክንያት ያዘነበለ ምሰሶ፣ ድንገት አልዘጋ ያለ በር ካያችሁ የአትክልቱን ሥራ አቁማችሁ መሐንዲስ ጥሩ።

ካቡ

ተዳፋቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ግቢውን በሁለት ወይም በሦስት እርከን መክፈል ያስፈልጋል። ለጠባብ ግቢ አንድ ረጅም ግንብ ከማቆም ሁለት አጫጭር ካቦች ይሻላሉ፤ ቁመታቸው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ሰው ይቀመጥባቸዋል፣ ቢፈርሱም ጉዳታቸው ትንሽ ነው።

የመጀመሪያው ግንቤ በሲሚንቶ የተሠራ፣ የሚያምር፣ ቀዳዳ የሌለው ነበር። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጧት ስወጣ መሃሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተገፍቶ አየሁት። በስንጥቁ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ቀዝቃዛ ውሃ እጄ ላይ ፈሰሰ። ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር የጠጣውን ውሃ የሚለቅበት አጥቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ወደቀ። ማንም ከሥሩ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ያለው ደረቅ ካብ ነው፤ ሲሚንቶ የለውም፣ ውሃ በየድንጋዩ መካከል ያንጠባጥባል። ወሎ ውስጥ ገበሬው በየእርከኑ ሲክበው የኖረው ይኸው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መሠረት እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ቆፍሩ። የመሠረቱ ስፋት የካቡን ቁመት ግማሽ ያህል ይሁን፤ ለ80 ሳንቲ ሜትር ካብ 40 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ትልልቆቹን ድንጋዮች ከታች አስቀምጡ፤ የመጀመሪያው ረድፍ ከመሬት በታች ይቀበር። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ድንጋይ በሁለት ድንጋዮች መገናኛ ላይ ይረፍ። ከላይ እስከ ታች የሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መጋጠሚያ ካያችሁ አፍርሱና ድገሙት። በየሜትሩ አንድ ረጅም ድንጋይ በአግድም ወደ ውስጥ ገብቶ ፊትና ጀርባውን ይሰር። ካቡ ቀጥ ብሎ አይቁም፤ 60 ሳንቲ ሜትር ሲወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ዳገቱ ይደገፍ። ሲባጎውን በዚህ ልክ አዘንብላችሁ ወጥሩና እሱን ተከተሉ። ድንጋዩ ከእጃችሁ ሲለቀቅ የሚናወጥ ከሆነ አዙሩት፤ በትንሽ ጠጠር ብቻ የተደገፈ ድንጋይ ክረምት አያልፍም።

ጀርባውን 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠጠር ሙሉ፤ በጠጠሩና በአፈሩ መካከል አፈሩ እንዳይገባ አሮጌ የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳዳችሁ ዘርጉ። ጠጠሩ ካቡ እኩል ከፍ እያለ ይሂድ እንጂ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ አይደፋ። ከአንድ ሜትር በላይ ለሆነ፣ ወይም ከበላዩ ቤት ላለበት ማንኛውም ካብ ይህ መመሪያ አይሠራም፤ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ለነፋሱና ለውርጩ

አጎቴ በአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ኢትዮጵያ እስከ 1990 ድረስ በአሰብ ወደብ ስትጠቀም መኪናው ሁሉ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ፣ በሚሌ ወደ ባሕሩ ይወርድ ነበር። አሰብ ላይ ያረፈበት ቤት ጠባብ ግቢ ነበራት፤ በዚያ ሐሩርና በዚያ ጨዋማ ነፋስ መካከል አረንጓዴ ነገር ያለባት። ሲያወራልን ሁልጊዜ የሚመለስባት አንዲት ነገር ነበረች። የቤቱ እመቤት በባሕሩ በኩል መጀመሪያ ቆርቆሮ አቁማ ነበር። ነፋሱ ቆርቆሮውን ዘሎ ከኋላው እየተጠማዘዘ ወረደና ተክሉን ከሥሩ ነቀለው። ቆርቆሮውን አንሥታ በቦታው ሰሌን በእንጨት ወጥራ ብታቆም ነፋሱ በቀዳዳው እየተጣራ ደክሞ ገባ። ማታ ማታ ደግሞ በባሕሩ በኩል ያለውን ቅጠል ጫፉን ጨው ስለሚያቃጥለው በንጹሕ ውሃ ታጥበው ነበር።

ደሴ ጨው የለም፤ ነፋሱ ግን ያው ነፋስ ነው። ድፍን አጥር ነፋሱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ እሱም ከአጥሩ ጀርባ ተመልሶ ይወድቃል። ግማሽ በግማሽ ክፍት የሆነ አጥር ግን ፍጥነቱን ይቀንሰዋል፤ ከጀርባው የአጥሩን ቁመት አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ለውጡ ይታወቃል። የ1 ሜትር ከ80 አጥር የእኛን 8 ሜትር ግቢ ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል ማለት ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ አራት ችካል ላይ ቀጭን ጨርቅ አስራችሁ ለአንድ ሳምንት ተመልከቱ። ከዚያ በዚያ በኩል ብቻ የጣውላ ስፋት ያህል ክፍተት እየተዋችሁ የእንጨት አጥር አቁሙ፤ ወይም ሰንሰልና ቀጋ አቀላቅላችሁ የቁም አጥር ትከሉ። ሰንሰል በቁራጭ ይበቅላል፣ መከርከም ይወዳል። ቀጋ እሾሁ ዘበኛ ነው፤ ነጭ አበባውም ንብ ይጠራል። ባሕር ዛፍን ግን ለጠባብ ግቢ አላስብም፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ከሥሩም ብዙ ነገር አያበቅልም።

ቆርቆሮ አጥር ቀድሞ ያለበት ሰው ማፍረስ የለበትም። ከቆርቆሮው በውስጥ በኩል አንድ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ቁጥቋጦ ደርድሩ፤ ዘሎ የሚወርደውን ነፋስ እሱ ይቀበለዋል።

አሁን ውርጭ። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት ይከብዳል፣ እንደ ውሃም ወደ ታች ይፈስሳል። ደመና በሌለበት የታኅሣሥ ሌሊት ከዳገቱ ወርዶ ግቢያችሁ ታችኛው ጫፍ ላይ ድፍን አጥር ካገኘ እዚያው ይተኛል። በቦርከና ወንዝ ዳር ዝቅ ባሉ ሰፈሮች አመዳዩ የሚበረታውም በዚሁ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከታችኛው አጥር ሥር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ተዉ፣ ወይም ሁለት ሦስት ቦታ ሰፊ ቀዳዳ አውጡ፤ ድመትና ዶሮ ካስቸገረ የሽቦ ወንፊት ይሁንበት። የክረምቱ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳና የበጋው ብርድ የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ መሆኑን ሳይ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

መቀመጫ፣ መንገድ፣ ደረጃ

አማርኛችን የሰው መቀመጫውንም የችግኝ ማፍያውንም መደብ ይለዋል። በጠባብ ግቢ ሁለቱ በእርግጥ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የካቡን ላይኛ ድንጋይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ብትጨርሱት ከጀርባው ጎመን፣ ከፊቱ ሰው ይቀመጥበታል።

የቡናውን ቦታ ስትመርጡ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ የት እንዳለች እዩ፤ ደሴ ላይ ጥላ ሳይሆን ፀሐይ ነው የሚፈለገው። ኮምቦልቻ ግን ተቃራኒው ነው፤ የእህቴን መቀመጫ ያደረግነው በዘይቱን ዛፍ ጥላ ነው። ረከቦት፣ ምድጃና አምስት ሰው ለማስቀመጥ 2 ሜትር ከግማሽ በ2 ሜትር ከግማሽ ይበቃል። ወለሉን በሲሚንቶ አትድፈኑት። ተጠቅጥቆ የተመታ ጠጠር፣ ወይም መካከሉ ሰርዶ የበቀለበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ውሃ ያሳልፋል፤ ቄጠማም ሲጎዘጎዝበት ያምራል።

መንገዱ ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር፣ ባልዲ ተሸክሞ ለሚሄድ 80 ይሁን። የእርከን ደረጃ እያንዳንዱ ቁመቱ ከ15 እስከ 17፣ መርገጫው ከ30 ሳንቲ ሜትር የማያንስ። እናት ወይም አያት ካሉ ቁመቱ ሁሉ እኩል መሆኑን ደጋግማችሁ ለኩ፤ ሰው የሚወድቀው ከሌሎቹ በሁለት ሳንቲ ሜትር በሚለይ ደረጃ ላይ ነው።

አፈሩ

እፍኝ አፈር አርጥባችሁ በመዳፋችሁ ጠቅልሉት። እንደ ሊጥ ተጠቅልሎ ሲታጠፍም ካልተሰነጠቀ መረሬ ነው፤ ወዲያው ከፈረሰ አሸዋማ ነው። ከዚያ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉ፣ ሲሰርግ እንደገና ሙሉ። ሁለተኛው ውሃ እስከ ማግስቱ ከቆመ የአትክልት መደባችሁን ከመሬት 20 ወይም 25 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ከሁለት ወገን የምትደርሱበት መደብ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ መደቡ ላይ ከተረገጠ ድካማችሁ ከንቱ ነው።

መረሬን ለማላላት አሸዋ መጨመር ብዙ ሰው ይመክራል። በትንሽ መጠን ሲጨመር እንደ ጡብ ያደርቀዋል። የሚያላላው የበሰበሰ ፍግና ብስባሽ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ ትልቅ ባልዲ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በክረምት መግቢያ። ደሴ ላይ ጋሪና ፈረስ ስላለ ፋንድያ አይጠፋም፤ ግን ትኩሱ ሥር ስለሚያቃጥል ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ ይቆይ። የቡና አተላ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ አመድ በጥቂቱ፣ የጤፍ ገለባ፣ ሁሉም ክምሩ ውስጥ ይገባል። ብርዱ ስለሚያዘገየው ደሴ ላይ ኮምቦልቻ ከሚፈጀው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክምሩን ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ላይ አድርጉት፣ በጆንያም ሸፍኑት።

ምን ይተከል

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር። በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ከ25 ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ውስጥ የአራት ዲግሪ ያህል ሙቀት ትጨምራላችሁ። የእህቴን ፓፓያ አይቶ ደሴ ላይ መትከል፣ የእኔን ኮክ አይቶ ኮምቦልቻ መውሰድ ሁለቱም ኪሳራ ነው።

በደሴው ግቢ ያ በቀይ ቀለም የተከበበው ሞቃት ግድግዳ የኮክ ነው። ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ አርቃችሁ ትከሉትና ቅርንጫፉን እንደ ማራገቢያ እየዘረጋችሁ ግረዙ። ፖም ከወደዳችሁ በአጭር ግንድ ላይ የተዳቀለ ግዙ፤ ብቻውን ፍሬ ስለማይሰጥ ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። በአገራችን ደጋ የሚሠሩት «አና» እና «ዶርሴት ጎልደን» የሚባሉት ዓይነቶች እርስ በርሳቸው ይዳቀላሉ። ጽጌረዳ ፀሐይና ነፋስ ያለበት ቦታ፤ ጥላ ውስጥ ቅጠሏ ይሻግታል። ኮባ ለድፎ ዳቦ ቅጠሏ ስለሚፈለግ አንዷ ትበቃለች፤ ነፋስ እንደ ሰበዝ እንዳይሰነጥቃት የቤቱን ማዕዘን ስጧት። መደቡ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ብርዱን ይችላሉ። ቲማቲምና ቃሪያ ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት እንጂ በውርጩ ወር አይሆኑም።

ሽታ ያላቸውን ወደ መቀመጫው አስጠጉ፤ አሪቲ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ናና። ጦስኝ በደረቁ ካብ ድንጋዮች መካከል ያለ አፈር እንኳ ይይዛል። ናናን ግን ታቹ በተበሳ ጣሳ ተክላችሁ ቅበሩት፤ ካልሆነ ግቢውን ይወርሳል። ጤና አዳም ለቡናው ሲኒ የሚቀርበው ሆኖ ስትገርዙት ጓንት ልበሱ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ እስኪቋጥር ያቃጥላል። እርጉዝ ሴትም እንዳትወስደው መንገር ያስፈልጋል።

ኮምቦልቻ ላይ ሎሚ፣ ዘይቱን፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ይሆናሉ። ፓፓያ ወንድና ሴት ስላለው ሦስት አራት ችግኝ አንድ ላይ ትከሉ፤ ሲያብቡ አንድ ወንድ አስቀርታችሁ ሌላውን ወንድ ንቀሉ። ማንጎ ትልቅ ዛፍ ስለሚሆን ከግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አርቁት። ቡገንቪሊያን በበሩ ላይ ማውጣት ያምራል፤ ውሃ ካበዛችሁለት ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።

ይህን ጅዳ ወይም ጅቡቲ ሆናችሁ ለምታነቡ የአገሬ ልጆች፦ ባሕር ዳር ላለች ትንሽ ግቢ ንድፉ አይለወጥም፤ ነፋሱን አጣርቶ የሚያሳልፈው አጥር በባሕሩ በኩል ይቁም። ተክሉ ነው የሚለወጠው። ቴምር፣ ቡገንቪሊያና እሬት ጨውን ይችላሉ። ቀጫጭንና ለስላሳ ቅጠል ያላቸውን በድስት ተክላችሁ ከቤቱ ጀርባ አድርጉ፤ ቅጠሉን ማታ በንጹሕ ውሃ አጥቡ።

የበጋው ውሃ

40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 400 ሊትር ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ ከ320 በላይ ይገኛል። ሁለት የ200 ሊትር በርሜል በአንድ ደህና ዝናብ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል ማለት ነው። አሸንዳው አፍ ላይ ወንፊት አድርጉ፤ ከረጅም ድርቅ በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚይዝ ልቀቁት። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ትንኝ ኮምቦልቻ ላይ ቀልድ አይደለም፣ ሕፃን ባለበት ቤትም ክፍት በርሜል አይተውም። ሙሉ በርሜል 200 ኪሎ ስለሚመዝን በድልድል መሬት ላይ እንጂ በካቡ ጠርዝ አይቁም።

መደቡ 12 ካሬ ሜትር ከሆነ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለካሬ ሜትር 10 ሊትር፣ በሳምንት 240 ሊትር ይፈልጋል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመርጨት ይህ ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። አፈሩን 5 ሳንቲ ሜትር ገለባ አልብሱት። የልብስ እጣቢ ለኮኩና ለአጥሩ ይሁን እንጂ ቅጠሉ በሚበላ አትክልት ላይ አታፍስሱ። ደሴ ላይ በብርዱ ወራት የምታጠጡት ጧት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ይሁን፤ ማታ ቅጠሉ ላይ ያደረ ውሃ ለውርጩ ይሆናል።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለ የኅዳር ወይም የታኅሣሥ ማታ የቆስጣውንና የሕፃን ችግኙን መደብ በጆንያ አልብሱ። ጆንያው ቅጠሉን እንዳይነካ አራት ቆልመም ያለ እንጨት በመደቡ ላይ ትከሉና በሱ ላይ ዘርጉ፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዙ። ጧት 2 ሰዓት ላይ፣ ከጆንያው ላይ ያለው አመዳይ መቅለጥ ሲጀምር፣ ገልጣችሁ በካቡ ላይ አስጡት፤ ማታ ደርቆ ይጠብቃችኋል።